የጦርነት ክርክር በሰፈራችን የቴሌግራም ቡድን፦ የገደብነውና ያልገደብነው

ስለ ጦርነት የሚደረግ ተደጋጋሚ የፖለቲካ ክርክር በማኅበራዊ ቡድኖች ውስጥ ሊገደብ ይገባል ወይ ብለው ለሚጠይቁኝ የቡድን አስተዳዳሪዎች የምሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ክርክሩ ይገደብ፣ ወሬውና ሐዘኑ ግን አይገደብ። ወደዚህ መልስ የደረስሁት ከጦሳ ተራራ ግርጌ ካሉት የደሴ ሰፈሮች በአንዱ ተወልደው ያደጉ ሰዎች የሚገናኙበትን የቴሌግራም ቡድን ከሁለት ወዳጆቼ ጋር ሳስተዳድር ባለፉት የጦርነት ዓመታት ነው። ክርክርን ከወሬ፣ ወሬን ከሐዘን መለየት ሲነገር ቀላል ቢመስልም ሲሠራበት ብዙ የሚያሟግት ስለሆነ፣ ተመሳሳይ ኃላፊነት ላለባቸው ሰዎች ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ያየሁትን በዝርዝር ጽፌዋለሁ።

ቡድኑ የተከፈተው የሰፈሩን ዕድር ሥራ ለማቅለል ነበር። መርዶና ሠርግ ይነገርበታል፣ ለታመመ ሰው መዋጮ ይሰበሰብበታል፣ መስከረም ሲጠባ ደግሞ ለተቸገሩ ተማሪዎች ደብተርና ዩኒፎርም ይገዛበታል። አባላቱ በደሴና በኮምቦልቻ ካሉት ሌላ በአዲስ አበባ፣ በጅዳ፣ በሪያድ፣ በቤይሩትና በዋሽንግተን የሚኖሩ ናቸው። እንደ አብዛኛው የወሎ ሰፈር ሁሉ የእኛም ሰው በጋብቻ የተጠላለፈ ነው፤ አንዱ ወንድም ሲሰግድ ሌላው የሚያስቀድስበት ቤት አለ፣ እናቱ ከመቐለ የመጣች አለ፣ ባለቤቱ የከሚሴ ኦሮሞ የሆነች አለ፣ የአባቱ ዘመዶች በባቲ በኩል ወደ አፋር ቆላ የሚወርዱም አለ። አስተዳዳሪ የሆነ ሰው ይህን ዝምድና ከአእምሮው ካወጣው፣ ከአባላቱ አንዱን የሚሰድብ መልእክት ዓይኑ እያየ ሊያሳልፍ ይችላል፤ ምክንያቱም ስድቡ የሚነካው ሰው ብዙ ጊዜ ዝም ብሎ የሚያነብ ነው።

ጥቅምት 24 ቀን 2013 ጦርነቱ በትግራይ ሲጀመር በቡድናችን የሚጻፈው ጥቂት ነበር። በ2013 ክረምት ውጊያው ወደ ራያ ቆቦና ወደ ወልድያ ሲወርድ፣ ተፈናቃዮችም በደሴ ትምህርት ቤቶች ሲሰፍሩ ግን ሥራው በአንድ ጊዜ በዛ። ጠዋት ጠዋት የትኛው ትምህርት ቤት ብርድ ልብስ እንደጎደለው፣ የትኛው የሕፃናት ወተት እንደሚፈልግ የሚናገሩ መልእክቶች ይገባሉ። ማታ ደግሞ ክርክሩ ይጀመራል። ማን ጀመረው፣ ማን ከዳ፣ መደራደር ክህደት ነው ወይስ ብልኃት፣ የውጭ እጅ አለበት ወይስ የለበትም፣ ከ1983 ጀምሮ የተደረገው ምን ነበር የሚሉ ጥያቄዎች ነበሩ። ጥያቄዎቹ ከባድ ናቸው፣ ዜጋ ሊወያይባቸውም ይገባል፤ ነገር ግን ሰኞ የተባለው ማክሰኞ በዚያው ሰው፣ በዚያው ቃል፣ አንዳንዴም በዚያው የድምፅ ቅጂ ይደገም ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ማን ምን እንደጻፈ መልእክቱን ሳይከፍቱ መገመት ይቻል ጀመር። የሚከራከሩትም ሁልጊዜ እነዚያው ጥቂት ሰዎች ሲሆኑ ሌላው አንብቦ ያልፋል፣ ሲሰለቸው ደግሞ የቡድኑን ድምፅ ያጠፋል።

ከስድቡ ይልቅ ቡድኑን የጎዳው ይህ ድምፅ ማጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። የክርክሩን ጩኸት ሽሽት ድምፁን ያጠፋ ሰው መርዶውንም አይሰማም። በዚያ ክረምት ቀብር ያለፋቸው፣ ሰልስት እንኳን ያልደረሱ ጎረቤቶች ነበሩ፤ በእኛ አገር ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ምን እንደሚባል ለአንባቢ መንገር አያስፈልገኝም። ክርክሩ ይገደብ ወይስ አይገደብ ብለው የሚያመነቱ አስተዳዳሪዎች በመጀመሪያ ሊያጣሩ የሚገባቸው ነገር ስንት ሰው ቡድኑን ድምፅ አልባ እንዳደረገው ነው። ቴሌግራም ይህን ስለማይነግር ሰዎቹን በአካል ወይም በስልክ መጠየቅ ግድ ይላል።

ከጥቅምት 20 ቀን 2014 ጀምሮ ባሉት ቀናት ደሴና ኮምቦልቻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ሲገቡ የከተማው ሰው በመኪናም በእግርም ወደ ደብረ ብርሃንና ወደ አዲስ አበባ ፈለሰ፤ ከተማው ውስጥ የቀረው ደግሞ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠበት። ከተሞቹ ኅዳር 27 ቀን 2014 በመንግሥት ኃይሎች ተመልሰው እስኪያዙ ድረስ ከደሴ ውስጥ ወደ ቡድናችን የገባ መልእክት አልነበረም። እኔ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ተጠግቼ ነበር፤ ስልኬንም ሌሊት ሌሊት እየተነሣሁ አየው ነበር። ጅዳ የምትሠራ አንዲት የሰፈራችን ልጅ «እናቴን ያያት ሰው በአላህ ይንገረኝ» ብላ ጻፈች። ከሰዓታት በኋላ አንድ ወጣት «ደብረ ብርሃን መጠለያ አይቻቸዋለሁ፣ ደህና ናቸው፣ እግራቸውን ብቻ አሟቸዋል» ብሎ መለሰላት። ነገር ግን በጥያቄዋና በመልሱ መካከል፣ ከመልሱም በኋላ፣ ከተማዋ ለምን ሳትዋጋ ተለቀቀች የሚል ክርክር በመቶ የሚቆጠሩ መልእክቶችን ደርድሮ ስለነበር ልጅቱ መልሱን ያየችው በማግስቱ ማታ ሌላ ሰው ፈልጎ ሲልክላት ነው። ክርክሩ ስለ ደሴ ነበር፤ ተከራካሪዎቹ ግን አንዳቸውም ደሴ አልነበሩም።

መገደብ አለበት የሚለው ሐሳብ በሦስታችን አስተዳዳሪዎች መካከል ያለ ሙግት ያለፈው ከዚህ በኋላ ነው። እንዴት ይገደብ የሚለው ግን ረዘም ያለ ጊዜ ፈጀ፤ ምክንያቱም ሌላ እኔም አባል የሆንሁበት ቡድን ከእኛ ቀድሞ «ፖለቲካ ክልክል ነው» የሚል ትእዛዝ ለጥፎ ውጤቱን አይቼው ነበር። በዚያ ቡድን አንድ አባት ልጃቸው የት ወድቆ እንደተገኘ፣ ማን እንደቀበረውም ሲጽፉ መልእክታቸው «ፖለቲካ ነው» ተብሎ ተሰረዘ። ሱቁ የተዘረፈበት ሰው ምን እንደተወሰደበት ሲዘረዝር ተመሳሳይ ነገር ደረሰበት። ከዚያ በኋላ በቡድኑ የቀረው የበዓል መልካም ምኞትና የአበባ ሥዕል ነበር፤ ሰላም ሰፈነ ሊባል ይችላል፣ ነገር ግን ጦርነት ባለፈበት ከተማ የሚኖሩ ሰዎች የደረሰባቸውን የማይነጋገሩበት ቡድን ምን እንደሚጠቅም አይገባኝም። አጠቃላይ ክልከላ ለአስተዳዳሪው ይቀላል፤ ለዚህም ይመስለኛል ብዙዎች መጀመሪያ እርሱን የሚመርጡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሐዘንተኛም ይደጋግማል። ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ያው ታሪክ አዲስ ሰው በገባ ቁጥር ከመጀመሪያው ሲነገር ይሰማል፤ እንዴት እንደታመመ፣ በመጨረሻ ምን እንዳለ፣ ማን አጠገቡ እንደነበረ። «ይህንማ ነግረሽናል» የሚል ጎረቤት የለም፣ ቢኖርም ነውረኛ ይባላል። የተከራካሪ መደጋገም ግን ከዚህ ይለያል። ሐዘንተኛ የሚደጋግመው በራሱ ላይ የደረሰውን ሲሆን ከአድማጩ የሚጠብቀው መስማትን ብቻ ነው፤ ተከራካሪ ግን የሚደጋግመው ስለ ሌላው የሚሰጠውን ፍርድ ነው፣ ከአድማጩ የሚጠብቀውም ከእኔ ጋር ነህ ወይስ አይደለህም ለሚለው ጥያቄ መልስ ነው። ስለዚህ ስለ ጦርነት የተጻፈ መልእክት ሲያጠራጥረን የምንጠይቀው ይህንኑ ነበር፤ ጸሐፊው የሚናገረው ያየውንና የደረሰበትን ነው ወይስ ሌላው እንዲሰለፍለት እየጠየቀ ነው? የመጀመሪያው ከሆነ መቶ ጊዜ ቢደገምም አንነካውም። ሁለተኛው ከሆነ አንድ ጊዜ ይነገር፣ ከዚያ በኋላ ቦታው ሌላ ነው።

ሌላው ቦታ ብለን የከፈትነው ለክርክር ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቡድን ነው። በዋናው ቡድን የሚቀረው መርዶ፣ የደኅንነት ወሬ፣ የመንገድ ሁኔታ፣ የእርዳታ ጥሪና በራስ ላይ የደረሰ ነገር ሆነ፤ የቀረው ሁሉ ወደ ሁለተኛው እንዲሄድ ተነገረ። ቴሌግራም በ2015 አንዱን ቡድን በርዕስ የመከፋፈል አገልግሎት ከጀመረ ወዲህ ሁለት ቡድን መክፈት የግድ አይደለም። ሆኖም በእኔ እይታ ለብቻው የተከፈተ ቡድን ይሻላል፤ መግባት የፈለገ ሰው ራሱ መርጦ ስለሚገባና ያልፈለገ አባል የክርክሩን ርዕስ እንኳን ስለማያይ። አንዳንዶች ሁለተኛው ቡድን የእሳት ማከማቻ ይሆናል ብለው ፈርተው ነበር። የሆነው ግን የተለየ ነው፤ ተመልካች ሲያጡ ከተከራካሪዎቹ ብዙዎቹ ቀዘቀዙ። ክርክሩን ሲያንቀሳቅሰው ከነበረው ኃይል ትልቁ ክፍል የተቀረው ሕዝብ ማየቱ ነበር ብዬ የማምነው በዚህ ምክንያት ነው።

በክርክሩ ቡድን ውስጥ ከሁሉም በላይ የሠራው ቴሌግራም ለአስተዳዳሪዎች የሚሰጠው ስሎው ሞድ የሚባለው ማስተካከያ ነው፤ አንድ አባል አንድ መልእክት ከላከ በኋላ ሌላ ለመላክ የተወሰነ ጊዜ እንዲጠብቅ ያስገድዳል፣ ጊዜውም ከሰከንዶች እስከ አንድ ሰዓት ሊሆን ይችላል። እኛ አንድ ሰዓት አደረግነው። የሚቀጥለውን ለመጻፍ አንድ ሰዓት የሚጠብቅ ሰው አንድ ቃል ወርውሮ አይሄድም፤ ሊል የፈለገውን በአንድ ጊዜ አስቦ ይጽፋል፣ ለተናደደበት መልእክት የሚሰጠው መልስም ንዴቱ ከበረደ በኋላ ይደርሳል። ይህ ዓይነቱ ገደብ የማንንም አሳብ አይመርጥም፤ አስተዳዳሪውን «ለእነ እንትና ያደላል» ከሚለው ሐሜት የሚያድነውም ይህ ጠባዩ ነው። ዋትስአፕ በ2012 ብዙ ጊዜ የተላለፈ መልእክት በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ቻት ብቻ እንዲላክ ሲገድብ የሄደበት መንገድ ተመሳሳይ ነው፤ ይዘቱን ሳይመረምር ፍጥነቱን ቀነሰው።

ፎርዋርድ ለሚደረጉ ነገሮች ደግሞ የተለየ ደንብ አወጣን። ከሌላ ቻናል የመጣ ቪዲዮ፣ ስክሪንሹት ወይም የድምፅ መልእክት የሚልክ ሰው የት ቦታ፣ መቼ እንደተቀረጸና ማን እንዳየው በራሱ ቃል ይጽፍበታል፤ ካልጻፈበት ይነሣል። ይህ ብቻውን ከተደጋጋሚው ነገር ትልቁን ክፍል አስቀረ፤ ምክንያቱም የሚላከው በአብዛኛው ላኪው ራሱ ያልመረመረው ነበር። በተለይ ማንነቱ ያልታወቀ ሰው «ከታማኝ ምንጭ የተገኘ» እያለ የሚናገርባቸው ረጃጅም የድምፅ መልእክቶች ከተማ ተያዘ፣ ተለቀቀ እያሉ ሰው ሲያስደነግጡ ስለኖሩ እነርሱ ላይ ምንም ርኅራኄ አላደረግንም።

ደንቡን ማስፈጸም ግን የቅንብር ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የአነጋገር ጉዳይም ነው። ማንንም በሕዝብ ፊት አንገሥጽም። በመጀመሪያ በግል እንጽፍለታለን፤ ለእኩያ ከሆነ «ወንድምዓለም፣ ይህንን ትናንትም አንብበንልሃል፤ ዛሬ የሰማኸው አዲስ ነገር ካለ እሱን ንገረን፣ ክርክሩን ግን ወደዚያኛው ቤት እንውሰደው» እንላለን። ለታላቅ ሰው ግን እኛ አንጽፍም፣ እኩያውን እንልክበታለን። ከአንድ ሐጂና ከአንድ መሪጌታ ጋር ተነጋግረን፣ ከሦስታችን ፍርድ ያልተስማማ ሰው ለእነርሱ አቤት እንዲል አደረግን። ወሎ ውስጥ ደም የተቃቡ ወገኖችን የሚያስታርቁ አበጋሮች ከሁለቱም ሃይማኖት የሚደመጡ ሽማግሌዎች እንደሆኑ የምናውቅ ሰዎች ስለሆንን ይህን ለመፍጠር ብዙ መጨነቅ አላስፈለገንም፤ ሐጂው ቴሌግራም አይጠቀሙም ነበር፣ መልእክቱ በስልክ ይነበብላቸው ነበር። ለአቤቱታ አቅራቢ የቡድኑ አባል ያልሆነ ዳኛ ጥሩ ነው ብዬ የማምነውም ሐጂውን ካየሁ በኋላ ነው፤ ማን ስንት ጊዜ እንዳሰለቸ ስለማያውቁ የሚፈርዱት በቀረበላቸው ቃል ብቻ ነበር።

ከሁሉም የከበደኝ ደንቡን ከእኔ ጋር በሚስማማው ወገን ላይ ማስፈጸም ነበር። በቡድናችን አብዛኛው ሰው ስለ ጦርነቱ ያለው አቋም ተቀራራቢ ነው፣ የእኔም ከዚያ አይርቅም። ሁሉም የሚስማማበት ነገር ሲደጋገም ክርክር ስለማይመስል ማንም አይከስሰውም፤ እናቱ ከመቐለ ለሆነችው ልጅ ግን በየቀኑ የሚነበብ ፍርድ ነው። ይህ ልጅ ቅሬታ አቅርቦ አያውቅም። ለዕድሩ የሚያዋጣው ሳይጓደል፣ በቡድኑ ግን ለብዙ ወራት አንድም ቃል ሳይጽፍ ቆየ፣ ዝምታውን ያስተዋለችው ከእኛ አንዷ ናት። ስለዚህ በብዙኃን ድምፅ የሚወሰን ገደብ አይበቃም እላለሁ። ብዙኃኑ ይገደብ የሚለው ሁልጊዜ የጥቂቶቹን ንግግር ነው፤ አስተዳዳሪ ከሁሉ በፊት ሊጠብቀው የሚገባው ግን በዝምታ የሚያነበውን ሰው ነው። ይህ አስተያየቴ ከወዳጆቼ ጋር ዛሬም ያከራክረኛል።

ተቃውሞም አልጠፋም። ከተቃውሞዎቹ ጠንካራው በውጭ አገር ከሚኖር አንድ አባል የመጣ ሲሆን፣ ሐሳቡም ደጋግሞ መናገር የተጎዳ ሕዝብ ብቸኛ መሣሪያ ነው፣ ዝም በተባለ ቁጥር የተፈጸመው ግፍ ይረሳል የሚል ነበር። ይህን በቀላሉ የምንመልሰው አልነበረም። የደሴ ሆስፒታልና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተዘርፈው፣ በኮምቦልቻም ፋብሪካዎች ወድመው ባየንበት ዓመት «አትድገሙት» ማለት ለጆሮም አይጥምም። ነገር ግን በክርክሩ ውስጥ ለማስረጃ የሚሆን ነገር ስንፈልግ ያገኘነው እጅግ ጥቂት ነበር። ሰዎቹ በዓይናቸው ያዩት ነገር በሌሎች ላይ ከፈረዱት ጋር ተደባልቆ፣ ቀንና ቦታ ሳይያዝለት በመልእክት ብዛት ሥር ተቀብሯል። ስለዚህ ለተቃዋሚው የሰጠነው መልስ መዝገብ ነው፤ የተጎዳ ሰው ወይም ቤተሰቡ ምን፣ የት፣ መቼ እንደደረሰበት አንድ ጊዜ በጥንቃቄ እንዲናገር፣ ጸሐፊያችንም በደብተር እንዲያሰፍረው አደረግን። ይህ መዝገብ በቡድኑ ውስጥ አይለጠፍም፤ ስም ያለበት ነገር ለማንም የሚበተን አይደለምና በዕድሩ ጸሐፊ እጅ ይቀመጣል። ሐሳቡን ያነሣው ሰው ራሱ የዘመዶቹን ጉዳይ በስልክ አስመዝግቧል።

የሕግ ጉዳይ ለሚያሳስባቸው አስተዳዳሪዎች በአጭሩ ልጥቀስ። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርን እስከ 2 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር በሚደርስ መቀጮ ያስቀጣል። አዋጁን ማወቅ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን አባላትን በአዋጅ ማስፈራራት አልመክርም፣ ጎረቤት በአንቀጽ ሲያስፈራራ ከዚያ በኋላ ጎረቤት አይደለም።

ጥቅምት 23 ቀን 2015 የፕሪቶሪያው ስምምነት ሲፈረም የክርክሩን ቡድን ልንዘጋው አስበን ነበር። ትተነው ጥሩ አደረግን፤ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሥቶ ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሲታወጅና የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ያው ነገር ተመልሶ መጣ። በዚህኛው ጊዜ እኔ ደሴ ነበርሁ፣ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ካልሄድሁ በቀር ቡድኑን ማየት አልችልም ነበር፤ ስከፍተውም ስለ እኛ ኑሮ ከእኛ ውጭ ያሉ ሰዎች የደረደሩትን ክርክር አገኛለሁ። ስለዚህ ከደንቦቻችን ሁሉ አጥብቄ የምመክረውን አንድ ደንብ ጨመርን። ነገሩ የሚፈጸምበት ቦታ ሰው ኢንተርኔት በተቋረጠበት ወቅት የክርክሩ ቡድን ሙሉ በሙሉ ይዘጋል፣ መጻፍ የሚችሉት አስተዳዳሪዎች ብቻ ይሆናሉ፤ በዋናው ቡድን የደኅንነት ወሬና የእርዳታ ጥሪ ብቻ ይቀጥላል። መስመሩ ሲመለስ የመጀመሪያው ቃል የቦታው ሰው ነው፣ ሌላው ቀጥሎ ይናገራል። በውጭ ያሉት ወገኖቻችን ይህን ደንብ ይቃወማሉ ብለን ስንጠብቅ ከሌሎቹ ሁሉ በቶሎ የተቀበሉት እርሱን ነው።

ያልፈታነውም አለ። በግል መልእክት የሚካሄደውን መሰዳደብ ማንም አስተዳዳሪ አያስቆመውም። ሥራውም ያደክማል፤ ማታ ማታ የሰው ንዴት ሲያነብ የሚያመሽ ሰው እንቅልፍ ያጣል፣ ስለዚህ በየስድስት ወሩ አንዳችን እንድናርፍና ሌላ ሰው እንዲተካ ወስነናል። አንዳንድ አባላት ደንቡን አልወደዱትም፣ ወጥተው የራሳቸውን ቡድን ከፈቱ። የዕድሩ ጸሐፊ ስማቸውን ከመዝገብ አልሰረዘም፤ መርዶም ሆነ ሠርግ ሲኖር በስልክ ይነገራቸዋል። ከወጡት ጥቂቶቹ ተመልሰዋል፣ ሌሎቹ በዚያው ቀርተዋል።